ፕሪ-ሜድ የሚባል ሜጀር የለም

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኮሌጅ ለሚገቡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ እናቶች ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ እዚህ ወንበር ሞልቷል። ልጆች፣ ስልካችሁን አላስጠፋችሁም፤ ግን ቲክቶኩን ለአንድ ሰዓት ያህል ተዉልኝ።

ቅድም ስገባ በሩ ላይ አንድ አባት ያዙኝ። «ዶክተር፣ ልጄ ፕሪ-ሜድ ገብታለች። ስትጨርስ የት ነው የምትቀጠረው?» አሉኝ። መሳቅ ቃጣኝና ወዲያው አፈርኩ። የእኔም አባት ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላለው ዘመድ ሁሉ በካርድ እየደወለ «ልጅቷ ፕሪ-ሜድ እየተማረች ነው» ሲል አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። አላረምኩትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አላውቅም ነበር።

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ፕሪ-ሜድ ዲፓርትመንት የለውም፣ ዲግሪም አይሰጥበትም። «ወደ ሕክምና ልሄድ አስቤያለሁ» ማለት ብቻ ነው። ዲግሪው የሚሰጠው በሌላ ነገር ነው፤ ሜጀር በሚባለው ዋና የትምህርት ዘርፍ፤ በባዮሎጂ፣ በታሪክ፣ በኢንጂነሪንግ፣ በሙዚቃ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ሌላ ነገር ነው።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ግራ የሚገባን ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ጋ ሕክምና ከሁለተኛ ደረጃ ቀጥሎ የሚገባበት ትምህርት ነው። ማትሪክ አንጀት የሚያርስ ውጤት ያመጣ ልጅ ሜዲስን ይሞላል፣ ስድስት ሰባት ዓመት ይቆያል፣ ዶክተር ተብሎ ይወጣል። እዚህ ግን በቅድሚያ የአራት ዓመት ዲግሪ፣ ቀጥሎ የአራት ዓመት ሜዲካል ስኩል፣ ከዚያ እንደየዘርፉ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሬዚደንሲ፣ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መሠልጠን ማለት ነው፣ አለ። እርግጥ አገር ቤትም በ2004 ዓ.ም. ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ የሚያሠለጥን አዲስ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ተከፍቶ ነበር፤ ግን በወላጆቻችን ጭንቅላት ውስጥ ያለው የድሮው መንገድ ነው። ስለዚህ ልጃቸው «አንትሮፖሎጂ ልማር» ሲላቸው፣ «ሐኪም መሆኑን ተውኩት» ያለ ይመስላቸዋል።

መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ ሕክምና የሚለው ነገር ከየት መጣ? ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ባልቲሞር ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤቱን በ1893 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲከፍት «ዲግሪ ያልያዘ አልቀበልም» አለ። በዚያ ዘመን ገንዘብ ያለው ሰው ያለ ብዙ ጥያቄ ሐኪም የሚሆንበት ትምህርት ቤት በየከተማው ነበር። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የሚባል ሰው እነዚያን ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ዞሮ አየና የሚያስደነግጥ ሪፖርት ጻፈ። ወደ ሕክምና የሚገባ ተማሪ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ፊዚክስ አስቀድሞ ይማር የሚለው ደንብ ሥር የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ግን ፍሌክስነር ራሱ ሐኪም አለመሆኑ ነው። መምህር ነበር፤ ኮሌጅ የተማረውም ጥንታዊ ግሪክኛና ላቲን ነው።

ሪፖርቱ ደግ ሥራም ክፉ ሥራም ሠርቷል። ጥቁር ሐኪሞችን ያሠለጥኑ ከነበሩት ሰባት ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘጉ። ከተረፉት ሁለቱ አንዱ ሃዋርድ ነው፤ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ቁልቁል ብትወርዱ ታገኙታላችሁ። ከቀደምት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶክተር መላኩ በያን ኦሃዮ ውስጥ በሙስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ሕክምናውን የጨረሱት እዚያው ሃዋርድ ነው፤ በ1935፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ። መጀመሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያ ሕክምና። ይህን መንገድ የሄደ ኢትዮጵያዊ ያኔም ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ፎቶ ማንሳት የፈለገ ያንሳ። ሜዲካል ስኩሎች የሚፈልጓቸው ኮርሶች ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፤ የጋራው ግን ይህ ነው፤ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ከነላቡ (ከነላቦራቶሪው)፣ አንድ ዓመት ጄኔራል ኬሚስትሪ ከነላቡ፣ አንድ ዓመት ገደማ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከነላቡ፣ አንድ ዓመት ፊዚክስ ከነላቡ፣ አንድ ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ። በዚያ ላይ እንግሊዝኛ፣ ስታቲስቲክስ፣ ትንሽ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ። ይህ ሁሉ ሲደመር ወደ 50 ክሬዲት ይሆናል። ለዲግሪ የሚያስፈልገው 120 ገደማ ነው። 70 ይቀራችኋል። አንድ ሜጀር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ክሬዲት ይፈልጋል። ስለዚህ ታሪክም ተማሩ ኢኮኖሚክስ፣ ቦታ አለው። ባዮሎጂ የሚመረጥበት አንድ ጥቅም ኮርሶቹ መደራረባቸው ነው፤ ሁለቱን በአንድ ድንጋይ ትመታላችሁ። ይህ የጊዜ ሰሌዳ ጥቅም ነው እንጂ አመልካቾችን የሚመርጠው የሜዲካል ስኩሉ ኮሚቴ ፊት ተጨማሪ ነጥብ የሚያሰጥ አይደለም።

ማስረጃ የሚፈልግ አለ፣ አይቼዋለሁ፣ እዚያ ጋ ክንዱን አጣጥፎ የተቀመጠው። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በየዓመቱ የአመልካቾችን ሜጀር የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያወጣል። ከግማሽ በላይ አመልካች የባዮሎጂ ዘርፍ ነው። ሥነ ጽሑፍ፣ ፍልስፍና፣ ቋንቋና የመሳሰሉትን ተምረው የሚያመለክቱት ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ከሚያመለክቱት ውስጥ የሚገቡት ድርሻቸው ከባዮሎጂዎቹ አያንስም፣ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። ይህ ማለት ግን ፍልስፍና የተማረ ሁሉ ይገባል ማለት አይደለም። ፍልስፍና እየተማረ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ተቋቁሞ እስከ ማመልከቻ የደረሰ ልጅ ቀድሞውንም ጠንካራ ነው። ኒው ዮርክ ያለው ማውንት ሳይናይ ከ1987 ጀምሮ የሂውማኒቲስ ተማሪዎችን፣ እነዚህን የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ዓይነቶቹን፣ ኤምካት የሚባለው የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና ሳይጠየቁና ያለ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚቀበልበት ፕሮግራም ነበረው። በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እነዚያ ልጆች በሕክምና ትምህርታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር እኩል ተራምደዋል። አሜሪካዊው ሐኪምና ተመራማሪ ሃሮልድ ቫርመስ ኮሌጅ የተማረው እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው፣ በዚያው ማስተርስም ሠርቷል። የሃርቫርድ ሜዲካል ስኩል ሁለት ጊዜ አልተቀበለውም። ኮሎምቢያ ገባ፤ በ1989 በካንሰር ምርምር ኖቤል ወሰደ።

እሺ፣ አሁን የራሴን ጉድ ልናገር።

አሜሪካ የመጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ወደ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ማለት ነው፣ ገባሁ፤ ስሙ ይቅር። የትምህርት አማካሪው፣ አድቫይዘሩ ጋ ሄጄ «ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ» አልኩት። ደግ ሰው ነበር፣ ቸኩሏል እንጂ። ከወንበሩ ሳይነሳ «የጤና ትምህርት ነዋ» ብሎ የነርሲንግ ተማሪዎች የሚወስዱትን አስመዘገበኝ፤ ለነርስ የሚሰጠውን ኬሚስትሪ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ። አንድ ዓመት ሙሉ አጥንት ስሸመድድ ከረምኩ። በሁሉም ኤ አመጣሁ። አባቴ ግሬድ ሪፖርቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፈው። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስዛወር አንዲት ሴትዮ ትራንስክሪፕቴን በእርሳስ እያነበበች «ይህ አይቆጠርም፣ ይህም አይቆጠርም» እያለች ስትሰርዝ አየሁ። የነርሲንግ ኬሚስትሪ ጄኔራል ኬሚስትሪን አይተካም። አናቶሚ ጥሩ ነገር ነው፤ ጄኔራል ባዮሎጂን ግን አይተካም። ያን ዓመት ማንም አልመለሰልኝም።

ይህን የምነግራችሁ በሐበሻ ቤት ነርሲንግ የተከበረ ሙያ ስለሆነ ነው፣ መከበሩም ተገቢ ነው። «መጀመሪያ ነርስ ሁኚ፣ እየሠራሽ ትቀጥያለሽ» የሚል ምክር በየቤቱ አለ። ነርስ መሆን የምትፈልግ ነርስ ትሁን። ወደ ሐኪምነት መሸጋገሪያ ይሆናል ብላችሁ ከሆነ ግን፣ ከነርሲንጉ በላይ ከእነዚያ 50 ክሬዲቶች አብዛኞቹን እንደምትወስዱ ቀድማችሁ እወቁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ኖቫም (የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ትክክለኛው ኬሚስትሪ አለ፣ ዋጋውም ይሻላል። ስትመዘገቡ «ይህ ኮርስ ለሳይንስ ሜጀሮች የሚሰጠው ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቺን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ አንድ ዓመት ይተርፈኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ደግሞ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። ሰው ሁሉ ባዮሎጂ ሲል ባዮሎጂ አልኩ። አልወደድኩትም። ቅዳሜና እሁድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ትኬት እቆርጥ ነበር፤ መጽሐፉን እከፍትና መኪና ሲገባ እዘጋለሁ። ጀነቲክስ ላይ ሲ አመጣሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሜዲካል ስኩሎች ሁለት ጂፒኤ፣ ሁለት አማካይ ውጤት ነው የሚያዩት። አንዱ ጠቅላላው ነው። ሌላው የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ብቻ ተለይቶ የሚሰላው ነው። ኮርስ ደግማችሁ ብትወስዱ ኮሌጁ አሮጌውን ግሬድ ሊሰርዝላችሁ ይችላል፤ የኤም.ዲ.፣ ማለትም የተለመደውን የሕክምና ዶክተር ዲግሪ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ግን ሁለቱንም ይደምራል። ገብተው የሚማሩት ልጆች አማካይ ጂፒኤ ወደ 3.8 ነው። «ሜጀሬ ከባድ ስለነበር ነው» የሚል ማብራሪያ ኮሚቴውን እምብዛም አያራራም። ስለዚህ ለማስደመም ብሎ የማይወደውን ከባድ ሜጀር መምረጥ በገዛ ገንዘብ በሽታ መግዛት ነው።

ያዳነኝ ምች ነው። አትሳቁ።

ጥር ወር ላይ እናቴ አመማት። ከንፈሯ ዙሪያ ቆሳስሏል፣ ትኩሳት አላት፣ ራሷን ይፈልጣታል። ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ፤ እንደ ብዙዎቻችሁ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ምን ሆነሽ ነው?» አላት። «ምች መታኝ በይው» አለችኝ። ምችን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው? ትንሽ አሰብኩና «ፀሐይ መታኝ ትላለች» አልኩት። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞሮ አየ። ውጭ በረዶ እየጣለ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ እናቴን «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ፕሬዚዳንቱ ማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ስተረጉምላት ተቆጣች። «እብድ አደረገኝ እንዴ? ዳማከሴ ቢገኝ እዚህ ምን ያመጣኝ ነበር!»

በዚያ ሴሚስተር መርሐ ግብሬ ውስጥ ቀዳዳ ስለነበር የሊንጉስቲክስ (የሥነ ልሳን) መግቢያ ወስጄ ነበር። ቃል ሲተረጎም ምን ይዞ ይሄዳል፣ ምን ጥሎ ይሄዳል የሚለውን ሲያስተምሩ እኔ ስለ ምች ነው የማስበው። የዓመቱን መጨረሻ ጽሑፍ የሠራሁት የአማርኛ ተናጋሪዎች ሕመማቸውን በምን ቃል እንደሚናገሩ ነው፤ «ሆዴን ቆረጠኝ»፣ «ልቤ ደከመ»፣ «ብርድ ገባኝ»። እናቴንና አራት ጓደኞቿን ቡና እያፈላሁ ጠየቅኳቸው። ሜጀሬን ቀየርኩ። አባቴ ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። ኬሚስትሪውን ግን አልተውኩም፤ የሳይንስ ግሬዴም ወደ ላይ ወጣ፤ ምክንያቱም ከአራት ኮርስ ሁለቱን ወድጄ ስለምማር ለተቀሩት ሁለት ጉልበት ተረፈኝ። ከዓመታት በኋላ ሜዲካል ስኩል ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ግማሹ ሰዓት ያለቀው በምች ነው። ጠያቂዋ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ነበር የምትሰማኝ።

እኔ ይህን ስላልኩ ነገ ሄዳችሁ ሁላችሁም ሊንጉስቲክስ እንዳትመዘገቡ። እንቁራሪት ሰንጥቆ ማየት የሚያስደስተው ልጅ ባዮሎጂ ይማር፣ ያምርበታል። ኢንጂነሪንግም ደግ ነው፤ ሕክምናው ቢቀር ሥራ አለው፤ ነገር ግን የራሱ ግዴታ ኮርሶች ስለሚበዙ ያቺን 70 ክሬዲት ይጨርሳታል፣ ግሬድ ለማስጠበቅም ያስቸግራል። ፐብሊክ ሄልዝ (የኅብረተሰብ ጤና) ለሚወደው ጥሩ ነው፤ ስሙ ለሕክምና ስለሚቀርብ ብቻ የሚመርጠውን ግን አይጠቅመውም።

በተለይ ለናንተ፣ በአሥራ አራት፣ በአሥራ አምስት ዓመታችሁ ለመጣችሁ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። የኤምካት ፈተና ከ472 እስከ 528 የሚታረም፣ ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፈተና ነው። አራት ክፍል አለው። ሦስቱ ሳይንስ ናቸው፤ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ በ2015 ከነሱ ተርታ ገብተዋል። አራተኛው «ካርስ» የሚሉት፣ አንብቦ መረዳትና መተንተን ነው፤ በ90 ደቂቃ 9 ጽሑፍ፣ 53 ጥያቄ። ጽሑፎቹ ስለ ሥዕል፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ታሪክ ናቸው፤ አንዳች ኬሚስትሪ የለበትም። ከማማክራቸው የሐበሻ ልጆች ብዙዎቹ የሚወድቁት ፊዚክሱ ላይ አይደለም። እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ጽሑፍ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ያላችሁ፤ እንግሊዝኛን በቅርብ ለተማረ ሰው ደግሞ አሥር ደቂቃ አጭር ነው። በሁለት ወር ኮርስ የሚስተካከል ነገር አይደለም፤ በየሳምንቱ መቶ ገጽ የሚያስነብብ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት መቀመጥ ነው የሚያስተካክለው። ለዚህ ነው ወላጆች «ታሪክ ምን ይሠራለታል?» ሲሉኝ ካርስን የማነሳው።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልናገር፤ ሻይ ከመምጣቱ በፊት ቢወጣልኝ ይሻላል። በአንድ ዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፣ ወደ 23 ሺህ ይገባል፤ ይህ የኤም.ዲ. ትምህርት ቤቶች ቁጥር ነው፣ ዲ.ኦ. የሚባሉት፣ እነሱም ሐኪም የሚያሠለጥኑ ኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች ለብቻቸው አሉ። በዚያ ዓመት በር የሚዘጋበት ከሚከፈትለት ይበዛል። እንደገና የሚያመለክት አለ፣ የሚተወውም አለ፣ በሦስተኛ ዓመቱ «ይህ ሕይወት የእኔ አይደለም» ብሎ ራሱ የሚወጣም አለ። ሜጀር ስትመርጡ ያን ቀን አስቡት። በእጃችሁ የሚቀረው ያ ዲግሪ ነው። ለልጆቹ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሜዲካል ስኩል የሚባል ነገር ባይኖር ይህን ትማሩ ነበር? «አይ» ካላችሁኝ ሌላ ፈልጉ።

ብድሩንም አትርሱ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሜዲካል ስኩል የሚሰጠው የፌዴራል ብድር በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ተገድቧል። ከዚያ በላይ የሆነው ከግል ባንክ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዲግሪ ስም ያለው ውድ ኮሌጅ ገብቶ ዕዳ ከመቆለል፣ ስኮላርሺፕ የሰጣችሁ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ኤ ማምጣት ይሻላል። ስለዚህ ጉዳይ ከአንዳንድ ወላጆች ጋር እንደማልስማማ አውቃለሁ፤ የመኪናው መስታወት ላይ የሚለጠፈው የኮሌጅ ስም ያጓጓል።

ጥያቄ ያለው?

እሺ እትዬ። (አንዲት እናት፦ «ልጄ ታሪክ ካልተማርኩ አለኝ። ቤቱን አመሰው። ምን ልበለው?») ኬሚስትሪ ተመዝግቦ እንደሆነ ይጠይቁት። ከተመዘገበ ይተዉት፣ እራቱን ይስጡት። ካልተመዘገበ ግን ሐኪም ሊሆን አስቧል የሚለውን ወሬ ለዘመድ ማውራቱን ያቁሙ፤ እሱ አላሰበም፣ ያሰቡት እርስዎ ነዎት። አይቆጡኝ፣ እናቴንም እንዲሁ ነው የምላት።

አንቺ፣ ቢጫ ሹራብ የለበስሽው። («ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በሰመር ልውሰደው?») ሥራ ትሠሪያለሽ? ስንት ሰዓት? በሳምንት ሠላሳ። እንግዲያው አይሆንም። በሰመር አንዱ ሴሚስተር በአምስት ስድስት ሳምንት ይጨመቃል፤ ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ላቦራቶሪ፣ ማታ ጥናት ነው፤ አንድ ቀን ከቀረሽ አንድ ሳምንት እንደቀረሽ ቁጠሪው። በመደበኛው ሴሚስተር ውሰጂው፣ በዚያ ሴሚስተር ላይ ፊዚክስን አትደርቢበት፣ ከጎኑ የምትወጂውን አንድ ኮርስ አስገቢ። የምትወጂው ምንድነው? ... ሥዕል? የሥዕል ታሪክ ይሁን እንግዲህ። ከዚህ ስንወጣ መርሐ ግብርሽን አምጪልኝና አብረን እናየዋለን፤ እርሳስ ይዣለሁ።